አንድ በአንድ የምንሻገረው ድልድይ

ጣውንት አለችብኝ ብዬ ሳወራ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል። ጣውንቴ ከድንጋይ የተሠራች፣ ወንዝ ላይ ተጋድማ የምትውል ድልድይ መሆኗን ስነግረው ደግሞ ይስቃል። እኔ ግን የምሬን ነው። ባሌ ከእኔ ጋር ካሳለፈው ዕድሜ ከእሷ ሥር ቆሞ ያሳለፈው ሳይበልጥ አይቀርም። እኔን ሲያመኝ ሐኪም ቤት የሚወስደኝ ጎረቤት ነው፤ እሷ ላይ ስንጥቅ ታየ ከተባለ ግን በካልሲው ይሮጣል።

ሰውዬው ፕሮፌሰር ነው፤ የድልድይ ፕሮፌሰር። ምህንድስና የተማረ ሁሉ መጽሐፉን አንብቦታል፤ በየአገሩ እየተጋበዘ ያስተምራል፤ የሳሎናችን ግድግዳ በሽልማቱ ከመሞላቱ የተነሳ እኔ የእናቴን ፎቶ የምሰቅልበት ቦታ አጥቼ ኮሪደር ላይ ሰቅያታለሁ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ወታደር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ ሳያጎነቁል፣ በመሐንዲስ ክፍል ተመድቦ ነበር። ጠላት ወደ ከተማችን ሲቃረብ ድልድዩን በፈንጂ ለማፍረስ እንዲያዘጋጁ ከታዘዙት ወታደሮች አንዱ እሱ ነው። ፈንጂው በየምሰሶው ውስጥ ተቀበረ፤ የማፍረሱ ትእዛዝ ሳይመጣ ጦርነቱ አለቀ። ያን ጊዜ ከዚያ ክፍል በሕይወት የተረፈው እሱ ብቻ ስለነበር ፈንጂውን በገዛ እጁ አውጥቶ ድልድዩን አጸዳ ተባለ። ሕዝቡ ትከሻው ላይ አድርጎ ከተማውን አዞረው። ያዳነውን ድልድይ ያጥና ብለውም ዩኒቨርሲቲ አስገቡት። ይህን ታሪክ የማያውቅ የከተማችን ሕፃን የለም። እኔም ያገባሁት በከፊል በዚህ ታሪክ ነው፤ በከፊል ደግሞ በቁመቱ።

በቤታችን አንድ ሕግ አለ። ድልድዩን አብረን አንሻገርም። መጀመሪያ እሱ ይሄዳል። ማዶ ሲደርስ ዞሮ ቀኝ እጁን ከፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ልጃችን ይሄዳል። ልጁ ሲደርስ እጁን እንደገና ያነሳል፤ እኔ እሄዳለሁ። ዝናብም ቢወርድ፣ ሠርግም ቢያልፈን፣ እንዲሁ ነው። መኪና ከገዛን በኋላ እንኳ እሱ መኪናውን ብቻውን ያሻግርና እኛ በእግራችን እንከተለዋለን። ልጃችን ትንሽ ሳለ «እጄን ይዘህ አሻግረኝ» እያለ ያለቅስ ነበር፤ አንድም ቀን ይዞ አላሻገረውም። «የወታደር አመል ነው፤ ተራርቆ መሄድ ለምዶብኝ ነው» ይላል ሲጠየቅ። ጎረቤት ስቆብን ስቆብን ደክሞት ተወን። እኔም ባል የሚባል ነገር ያለ አመል አይገኝም ብዬ ተቀበልኩት፤ የሌላዋ ባል ያንኮራፋል፣ የእኔ ያራርቃል።

ለዝና ያበቃው ሦስተኛው ምሰሶ ነው፤ ከወንዙ መሃል የቆመው። ውስጡ ደካማ ነው፣ መዶሻም መሰርሰሪያም እንዳይነካው የሚል ጥናት ጻፈና ዶክተር ተባለ። ያንኑ አስፋፍቶ መጽሐፍ አደረገውና ፕሮፌሰር ተባለ። ከባድ መኪና እንዳያልፍበት አስከለከለ። የውኃ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ቧንቧ ሊያስሩበት ቢመጡ እንደ ዶሮ «እሽ» ብሎ አባረራቸው። በየዓመቱ በበጋ ውኃው ሲጎድል ተማሪዎቹን ሥሩ ያስቆምና መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ ዝም ይላል። ተማሪዎቹ ከጀርባው «ሦስተኛው ምሰሶ» ይሉታል። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል።

ልጃችንም ያው ድልድይ ሆነ። ሕፃን ሳለ ጉንጩ የተነፋ ስለነበር ድንቡሼ ብዬ ጠራሁት፤ ዛሬ እንደ ዘንግ ቀጥኖ፣ የመንገዶች መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ሆኖም ድንቡሼ ነው። የአባቱን መጽሐፍ ከእኔ ምክር አብልጦ ያምናል። ትራሱ ሥር ያደርገው የነበረ ልጅ ነው።

አንድ እሑድ ለምሳ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«አባዬ፣ ስጦታ ይዤልሃለሁ» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ካልሲ ከሆነ ይቅርብኝ። እናትህ አንድ መሳቢያ ሞልታልኛለች።»

«ድልድዩን በስምህ ሊሰይሙት ነው! ከንቲባው ፈርመዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ማብቂያ ምረቃው ይደረጋል።»

እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ልጄን ሳምኩት። ባሌ ፈገግ ብሎ ሾርባውን ቀዳ። ድንቡሼ ግን ገና አልጨረሰም ነበር።

«ስጦታው እሱ አይደለም። እሱ የከተማው ነው። የእኔ ስጦታ ሌላ ነው። ሦስተኛውን ምሰሶ ልንጠግነው ነው፤ ዕድሜ ልክህን የጮህክለትን! ወደ ውስጥ ሰርስረን ሲሚንቶ እንሞላዋለን። ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ።»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ሾርባው ጠብ ጠብ እያለ የጠረጴዛ ልብሴን ሲያበላሽ ዝም ብሎ ያየዋል።

«በየት በኩል?» አለ።

«ምኑ?»

«የምትሰረስሩት።»

«ከታችኛው ፊት፣ ውኃው ከሚወጣበት። መወጣጫ ለማቆም የሚመቸው እዚያ ነው።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«አይነካም ብያለሁ። ጽፌያለሁም።»

«አዎ፣ ጽፈሃል። ግን ያኔ የነበረው ማሽን እየመታ ነበር የሚበሳው። የአሁኑ እየዞረ ነው የሚገባው፤ የተኛ ሕፃን አይቀሰቅስም» አለ ልጄ እየሳቀ።

ባሌ ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። ቧንቧው ተከፍቶ ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማን። ድንቡሼ ግራ ገብቶት ዓይኔን አየኝ።

«ደስ ብሎት ነው፤ እንባውን ሊደብቅ ነው» አልኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በአግባቡ አልቀመሰም። ጠዋት ወጥቶ ወንዝ ዳር ቆሞ ይውላል። «ጣውንቴ ታማለች እንዴ?» ብዬ ብቀልድበት አልሳቀም፤ በዚህ ቀልድ ሳይስቅ ቀርቶ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ኮቱን ለብሶ «መንገዶች መሥሪያ ቤት ልሄድ ነው» ሲል ሜዳ ላይ ተዝለፍልፎ ይወድቅብኛል ብዬ ተከተልኩት።

ኃላፊው የድሮ ተማሪው ነው። ቢሮው ጠባብ ነው፤ የተጠቀለሉ ንድፎች ባልዲ ውስጥ ቆመዋል፣ የመስኮቱ መጋረጃ ዘንግ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ኃላፊው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳና የራሱን ወንበር ለባሌ ለቀቀለት።

«ተሳስቼ ነበር» አለ ባሌ፣ ወንበሩን እንኳ ሳያየው። «ሦስተኛው ምሰሶ ጤነኛ ነው። ጥገና አያስፈልገውም።»

ኃላፊው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው።

«ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ያስተማሩኝን እርስዎ ሊያስረሱኝ ነው? ያንን ምዕራፍ እኮ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ።»

«ምዕራፉ ስህተት ነው። ደካማ አይደለም እልሃለሁ።»

«እሺ፣ ደካማ ካልሆነ ቢሰረሰር ምን ይጎዳዋል? ደካማ ከሆነም መጠገን አለበት። በየትኛውም በኩል ብናየው ሥራው አይቆምም።»

 በሦስት ቋንቋ ሲከራከር የማውቀው ባሌ ክርክሩን ትቶ ወደ በሩ ዞረ። እኔ ያኔ ነው ልቤ የፈራው። ምሰሶው ላይ አንድ ነገር እንዳለ፣ ያም ነገር ስለ ድንጋይና ስለ ሲሚንቶ እንዳልሆነ ከፊቱ አየሁት። ኃላፊው እስከ በሩ ሸኘንና እኔን ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሳበኝ።

«እትዬ፣ ለሐኪም አሳይተዋቸዋል? በዚህ ዕድሜ መርሳት ይጀምራል።»

«አንተ የፈተና ወረቀትህ ላይ ስምህን ስትረሳ ማን ሐኪም ጠራብህ?» አልኩት። ስም መርሳቱን እንኳ አላውቅም፤ ደሜ ስለፈላ የመጣልኝን ነው የተናገርኩት። መንገድ ላይ ባሌን ጠየቅኩት፣ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። «እስከ ምረቃው ጊዜ አለ፤ አንድ ነገር አደርጋለሁ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ዳቦ እየቆረጥኩ ነበር። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል።

«ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው?»

«ከንቲባው ጋ። ሥራው ሳይጀመር ላናግራቸው።»

«ምን ሳይጀመር? ድንቡሼ ትናንት ማታ ደውሎልኝ ነበር። ለምረቃው እንዲደርስ ብለው አስቀድመው ጀምረውታል። ትናንት ሲሰረስሩ ነው የዋሉት።»

የጫማው ክር ከጣቱ ወደቀ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከበርጩማው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ እኔም ልቡ ቆመ ብዬ ቢላዋውን ጥዬ ሮጥኩ።

«ፈንጂው አለ» አለኝ።

«የምን ፈንጂ?»

«ሦስተኛው ውስጥ። ከሌሎቹ አውጥቻለሁ። ከሦስተኛው አላወጣሁም።»

እዚያው ወለሉ ላይ፣ ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ፣ ሁሉንም ነገረኝ። ፉጨት የሚሉት ጓደኛ ነበረው፤ ሲሠራ ስለሚያፏጭ ነው ስሙ። ሦስተኛውን ምሰሶ ያጠመደው ፉጨት ነው። ጠላት ደርሶ ፈንጂውን ቢያገኘው እንዳያወጣው ሌላ ወጥመድ ጨመረበት። «ከታችኛው ፊት የነካው ሰው አያፏጭም» ብሎ ስቆ ነገረው፤ እንዴት እንዳሰረው ግን ሳይነግረው በማግስቱ ሞተ። ባሌ ፈንጂው የገባበትን አፍ፣ ውኃው በሚመጣበት በላይኛው ፊት ያለውን፣ በድንጋይ ዘጋው፣ ከሌላው ግድግዳ እንዳይለይ አድርጎ ለሰነው። ጦርነቱ ሲያልቅ የሌሎቹን አወጣ። እዚህኛው ጋ ሲደርስ እጁን ሰደደ፤ እጁ አልታዘዘውም።

«ፈራሁ» አለኝ። «ያን ቀን ድልድዩ ላይ ሕዝብ ሞልቷል። ጸዳ ወይ ብለው ጮሁ። ጸድቷል አልኩ። ያንን አንድ ቃል ተናገርኩና ተሸከሙኝ። የተማርኩት ልመለስበት ነው። እምልልሻለሁ፣ ተምሬ ላወጣው ነበር። ስማር ግን ድልድዩ ሳይፈርስ እንደማይወጣ ገባኝ። ድልድዩን አፍርሱ ለማለት ደግሞ ለምን እንደሆነ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ሰው እንዳይነካው ደካማ ነው ብዬ ጻፍኩ።»

«አሁንም ይሠራል?»

«ሞቶ ይሆናል። ተኝቶም ይሆናል። እኔ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም።»

 አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«አንድ በአንድ ያሻገርከን ለዚህ ነው?»

አላቀረቀረም፤ ዓይኔን እያየ መለሰልኝ። «ከተነሳ ሁለታችሁንም እንዳላጣ። ሦስታችንም እንዳንጠፋ።»

«የሌላው ሰው ልጆችስ? በየጠዋቱ በቡድን ሆነው እየዘለሉ ለሚሻገሩት ተማሪዎች ማን እጁን አነሳላቸው?»

 ፊቱ ላይ መጮህ ፈለግኩ፤ እውነቱን ለመናገር መምታትም አምሮኝ ነበር። ግን ልጄ ያለው እዚያ ምሰሶ ላይ ነው። ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወልኩ። ከዚያ ማሽን አጠገብ ቆሞ እንኳን ስልክ ነጎድጓድ አይሰማም። ባሌን በክንዱ ጎትቼ ከወለሉ አነሳሁት፤ ያልታሰረ ጫማውን እየጎተተ ተከተለኝ።

ታክሲ አገኘን። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶት ፊቱ በራ። «ፕሮፌሰር! እንኳን ደስ ያለዎት! ልጄን ለምረቃው አመጣታለሁ፤ ድልድዩ መሃል ቆማ ፎቶ ካላነሳኋት ሞቼ ነው» አለ። ባሌ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ «ንዳው!» ብቻ አልኩ። ድልድዩ ሳይደርስ መንገዱ በመኪና ተዘጋግቶ ስላገኘን ወርደን በእግራችን ሮጥን፤ በእኛ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ። የጄኔሬተሩ ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ጀመር።

ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ እሱ ገባ። እኔ ቆምኩ። ለካ ማዶ ደርሶ እጁን እስኪያነሳ እየጠበቅኩ ነው! በእግሬ ተናደድኩ። እግሬን ተሳድቤ ከኋላው ገባሁ፤ ባልና ሚስት ሆነን ያንን ድልድይ አብረን ስንረግጥ የመጀመሪያችን ነበር።

ሠራተኞቹ ከድልድዩ ጠርዝ ወደ ሦስተኛው ምሰሶ የሚያወርድ የእንጨት መወጣጫ ሠርተዋል። ድንቡሼ ቢጫ የራስ ቆቡን አድርጎ ከታች ይታያል። ሲያየን ፈገግ ብሎ ወጣ፤ ፎርማኑም ከኋላው ተከተለው።

«ልትጎበኝ መጥተህ ነው? አባዬ፣ ጫማህን እሰር እንጂ!»

«አጥፋው» አለ ባሌ። «ውስጡ ፈንጂ አለ። እኔ ነኝ የተውኩት።»

ድንቡሼ እኔን አየኝ። ከዚያ ሠራተኞቹን አየ፤ ሥራ አቁመው ያዳምጣሉ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ለሕፃን ወይም ለታማሚ እንደሚነገረው አድርጎ።

«አባዬ፣ ፈንጂውን አውጥተኸዋል እኮ። ጥንት። ረስተኸው ነው። ኃላፊው ነግሮኛል፤ ሰሞኑን ትንሽ... ና፣ ጥላ ሥር ቁጭ በል። ውኃ ጠጣ።»

«ድንቡሼ፣ አባትህ እውነቱን ነው!» አልኩ።

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ አታባብሺው። መጽሐፉ ውስጥ ልኬቱ ሁሉ አለ እኮ። ውስጡ ፈንጂ ቢኖር ልኬቱ ላይ አይታይም ነበር?»

ባሌ በዚያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሲናገር የሚያወጣውን ድምፅ ነው ያወጣው፤ ሠራተኛውም፣ ጠርዙ ላይ ቆሞ የሚያየው መንገደኛም ሰማው።

«ልኬቱ የለም! ከራሴ ነው ያወጣሁት። ምሰሶው ደካማ ሆኖ አያውቅም። ዶክተርነቴም መጽሐፉም ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። ፈንጂውን ሳላወጣ አወጣሁ ብዬ ነው። አሁን ማሽኑን አጥፋ።»

 በልጄ ፊት ላይ ያየሁት የሞት ፍርሃት አልነበረም። ሕፃን ሳለ አባቱ እጁን ሳይይዝ ጥሎት ሲሻገር የሚያሳየውን ፊት ነው ያሳየኝ። 

«እኔ በእሱ ነው የተማርኩት» አለ ቀስ ብሎ። «አታውቀውም? በእሱ ነው እኮ የተማርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«አላምንህም» አለ ድንቡሼ። «የትኛውን እንደማላምንህ ግን አላውቅም።»

ባሌ ወደ ፎርማኑ ዞረ። «ትናንት ከውስጥ ያወጣችሁት የት አለ?»

ፎርማኑ አንድ ረጅም ሣጥን አሳየን። ማሽኑ ከምሰሶው ውስጥ እየቆረጠ ያወጣው ድፍን ክብ ድንጋይ፣ በወጣበት ተራ ተደርድሯል። ባሌ ተንበርክኮ የመጨረሻውን አነሳ። ጫፉ ላይ ጣት የማታህል ጥቁር ጨርቅ ተጣብቃለች፤ ሬንጅ የጠጣ ሸራ።

«የውኃ መከላከያ መስሎን ነበር» አለ ፎርማኑ።

«የፉጨት ሸራ ነው» አለ ባሌ። «ሬንጅ ውስጥ የነከርነው እኔና እሱ ነን። ትናንት እዚህ ላይ ለምን አቆማችሁ?»

«የማሽኑ ጥርስ ደነዘዘብን። አሁን አዲስ ገጥመን ልናስነሳው ስንል ነው እርስዎ...» ፎርማኑ ቃሉን ሳይጨርስ ቆቡን ከራሱ አወለቀ።

ድንቡሼ ድንጋዩን ከአባቱ እጅ ተቀበለ። ሸራውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ በሄደበት ሁሉ የሚታዘዝለትን ያንን ጥርት ያለ ድምፁን አወጣ፤ «ጄኔሬተሩን አጥፉ። ምንም ነገር ሳትነኩ ውጡ። ሩጫ የለም» አለ። ሠራተኞቹ እግራቸውን እያነሱ በእንቁላል ላይ የሚሄዱ ይመስል ወጡ። ልጄ መጨረሻ ላይ ነው የወጣው። 

ከሰዓት በኋላ ድልድዩ በሁለቱም በኩል ተዘጋ። ወንዝ ዳር ያሉ ቤቶች ባዶ ሆኑ፤ ሰዉ ሩቅ ቆሞ ያያል። ጠዋት ባሌን ፕሮፌሰር ይለው የነበረው ሁሉ አሁን ስሙን አልጠራም፤ የታክሲው ሹፌርም አልፎን ሲሄድ ፊቱን አዞረ። የጦሩ ፈንጂ አምካኞች መጡ። አለቃቸው ወጣት መቶ አለቃ ናት፤ የባሌን ታሪክ ቆማ አዳመጠች፣ አንዴም አልፈረደችም፣ አንዴም አላዘነችለትም።

«ማሽኑ በገባበት በኩል መቀጠል አንችልም» አለች። «ፈንጂው የገባበትን አፍ ከላይኛው ፊት ማግኘት አለብን። የት ጋ ነው?»

«ላሳይሽ።»

«ከዚህ ሆነው ይንገሩን። ሥዕል ይሣሉልን።»

«ልስኑን እንዳይለይ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ በዓይን አይገኝም። በየዓመቱ በመዳፌ እየዳሰስኩ ነው የማውቀው። ሲዳሰስ ይቀዘቅዛል።»

ተማሪዎቹን አስቁሞ መዳፉን ድንጋዩ ላይ የሚያሳርፈው ትዝ አለኝ። እኛ ፍቅር ነው ስንል ኖርን። ለካ ዘብ ነበር።

መቶ አለቃዋ አሰበች፤ ከአለቆቿ ጋር በሬዲዮ ተነጋገረች። በመጨረሻ ከባዱን የመከላከያ ልብስ አለበሱት። ልብሱ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ሆነ፤ ያ ያገባሁበት ቁመት የት እንደገባ እንጃ። ተንበርክኬ የጫማውን ክር አሰርኩለት። ከጠዋት ጀምሮ እንደተፈታ ነበር።

«ስትመለስ እንጣላለን» አልኩት። «እንዲህ በቀላሉ አታመልጠኝም። ብዙ የምጠይቅህ አለ።»

«እሺ» አለ። «እንጣላለን።»

ልጁን አየው። ድንቡሼ ወንዙን ነበር የሚያየው።  መቶ አለቃዋ አብራው ልትሄድ ስትል እጁን ዘረጋባት፤ «እኔ ልቅደም። ቦታውን አግኝቼ ስጠራችሁ ትመጣላችሁ። አንድ በአንድ» አላት። እሷም አመሉን አታውቅም፤ የፈንጂ አምካኞች ደንብ ያው ስለሆነ እሺ አለችው።

ብቻውን ሄደ። ድልድዩ ባዶ ስለሆነ የእግሩ ድምፅ ይሰማን ነበር። ያፈቀርኩት ሰው ነው፤ ያታለለኝም ሰው ነው፤ ያን ሰዓት ሁለቱን ለይቼ መጥላትና መውደድ አልቻልኩም። እንዲመለስ ብቻ ነበር የምፈልገው።

መወጣጫው አፍ ላይ ሲደርስ ዞረ። ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ፣ ዕድሜ ልኩን እንዳደረገው፣ ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ።

አጠገቤ የድንቡሼ እግር ተንቀሳቀሰ። አስቦ አይደለም፤ ገና በእግሩ ከቆመ ጀምሮ ያ እጅ ሲነሳ ይሄዳል። አንድ እርምጃ ወደ ድልድዩ ገባ። ቀበቶውን ከኋላ በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት። ጎትቼ መለስኩት፤ አልለቀቅኩትም።

ባሌ ከዚያ ሆኖ አየን። እጁን ቀስ ብሎ አወረደው። ዞሮም ወደ ምሰሶው ወረደ።